ስልኩ ትንሽ ቢጮኽ አትዝጊው

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ይህን ስታነቢ እንደ ልማድሽ «እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ» እንዳትይኝ፤ የምጠይቅሽ ከልቤ ነው። እንቅልፍ ይወስድሻል? እጅሽን ስታነሺ ያምሻል? አክስቴ እየመጣች አብራሽ ታድራለች ወይስ እሷንም «ደህና ነኝ፣ ልጆችሽ ጋ ሂጂ» ብለሽ መልሰሻታል? እኔ አድጌያለሁ። የሠራሽልኝ ሹራብ እጅጌው ክርኔ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እህቴ «እጅጌ ጉርድ ነው ብለህ ልበሰው እንጂ የእማዬ እጅ ሥራ አይጣልም» እያለች ትስቅብኛለች።

የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ አታጪውም። ቤታችን አንድ ክፍልና ወጥ ቤት ነው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳነጥስ እሷ ከአልጋዋ ላይ «ይማርህ» ትላለች። ደግሞም፣ እንዳትቆጪኝ እንጂ፣ እኛ ቤት በስልክ እውነት አይወራም። ስልኩ ሲነሳ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሲዘጋ ነው የሚያመን። ምድር ቤት የሚኖሩት እናት ወደ እናንተ ሊመጡ ሻንጣ ሲያሰናዱ ሰማሁና ደብዳቤ እንዲያደርሱልኝ ለመንኳቸው። «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ አንተ?» ብለው ሳቁብኝ። «አዎ፣ ለእናቴ ነው» አልኳቸው። ከእጅሽ በቀር ለማንም እንደማይሰጡ ምለውልኛል።

ያን ቀን ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ደውለሽ ብብትሽ ሥር ስለወጣው እብጠት፣ ስለ ምርመራው፣ በሚመጣው ወር ስለሚደረግልሽ ቀዶ ሕክምና ነገርሽኝ። «አንተ ወንድ ነህ፣ ትችለዋለህ። እህትህ ግን እንዳትሰማ። እሷ ጭንቀታም ሆናለች፤ ይሄን ከሰማች እዚያው ሰው አገር ወድቃ ትቀርብኛለች። ስድን እኔው እነግራታለሁ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ወደ ክፍል ሲገባ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እሺ ያልኩሽ እንቢ ማለት ስላቃተኝ ነው። አሁን ግን፣ በአክብሮት፣ እንቢ እልሻለሁ።

ከመቆጣትሽ በፊት ልጅሽን ላስተዋውቅሽ። የምታውቂያት ይመስልሻል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ በኋላ፣ እማዬ፣ ለእኛ ለሁለታችን ሁለት ወር ሙሉ በሕይወት ነበረ። የእኔ ፈተና እስኪያልፍ፣ የእሷ ሥራ ቋሚ እስኪሆን ብላችሁ ነው። ለእኛ ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልወቅስሽም። በደወልን ቁጥር መስክ ወጥቶ ነበር፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነበር፣ ተኝቶ ነበር። እኔ እንዲያውም አኩርፌው ነበር፤ «ይሄ ሰውዬ ረሳን እኮ» እያልኩ። እህቴ ደግሞ በዚያ መሐል ያቺን ቡናማ ጫማ ላከችለት። ትዝ ይልሻል? «ልክ ሆነለት?» ብላ ስትጠይቅሽ «ልክክ አለለት! አውልቅ ብንለው እንቢ አለ» አልሻት። ስልኩን ዘግታ ቤቱን በእስክስታ ዞረችው። እግሩ ሰፊ ስለሆነ ይጠበው ይሆን ብላ ስትጨነቅ ነበር የሰነበተችው።

አጎቴ እውነቱን የነገረን ቀን እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው የት ነው፣ መቼ ነው፣ እንዴት ነው ብላ አይደለም። «ጫማውስ?» ነው ያለችው። አጎቴ ስልኩን ለአክስቴ አቀበላት። ጫማው የት እንዳለ እኔም አልጠየቅኩሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም።

ጭንቀቷ ከዚያ ነው የመጣው። አንቺ ብቸኝነት ነው ትያለሽ፣ አጎቴ ብርዱ ነው ይላል። እኔ ግን አብሬያት ስለምኖር አያለሁ። ስልክ ሲጮኽ ፊቷ ይለወጣል። ከዚያ አንስታ «ደህና ነን» ስትባል ይብስባታል። ድሮ «ደህና ነን» ሲባል ሰው ያርፋል፤ እሷ ግን ከዚያ ቃል ኋላ ማን እንደሞተ መፈለግ ትጀምራለች።

መጀመሪያ የወደቀችው ሥራ ቦታዋ ነው። ሥራዋን «ልብስ አጥባለሁ» ብላ ስለምታልፈው አታውቂውም። የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ከምድር በታች ያለ አዳራሽ፣ በእንፋሎት የታፈነ፣ ሰው የሚያክሉ ማሽኖች የሚያጓሩበት። አንሶላ እዚያ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆሙና ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ አንዷ ወደ አንዷ ተራምዳ ጫፍ ከጫፍ ያገናኛሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሲለያዩና ሲገናኙ ይውላሉ። የእህቴ ጓደኛ በር የምታክል ሴት ናት። የሌላ አገር ሰው ስለሆነች የዚህን አገር ቋንቋ ሁለቱም በየፊናቸው ነው የሚሰባብሩት። እህቴ ስሟን መጥራት ስላልቻለች «ምሰሶዬ» ብላታለች፤ እሷም ተቀብላዋለች።

ታዲያ አንድ ቀን አንሶላ ወጥረው ሳለ የእህቴ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የያዘችው ጫፍ ከእጇ አመለጠ። ትንፋሿ አልመለስ አለ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ «ልሞት ነው» አለች በራሷ ቋንቋ። ምሰሶ ቃሉን ባታውቀውም ገብቷት፣ አቅፋ ፎጣ ክምር ላይ አስቀመጠቻትና አምቡላንስ እስኪመጣ እጇን አልለቀቀችም። የደወለው አጎቴ ነበር። ለካ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተነክቶበት ነው!

እኔ ከትምህርት ቤት ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ሆስፒታል ደረስኩ። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው መረመሯት። ሐኪሙ ልቧ ምንም እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ከእሱ ልብ እንደሚሻል ነገራት። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና «ሰማህ? እነሱም ደህና ነሽ አሉኝ እኮ» ብላ ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። የት እንደምይዛት ስላላወቅኩ ቦርሳዋን ያዝኩላት።

ከዚያ ነው በንግግር ወደምታክመው ሴትዮ የላኳት፤ አንቺ «የእብድ ሐኪም» ያልሻት፣ አጎቴም «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ያለባት። እህቴም ፈርታ ነበር እማዬ። መጀመሪያ ቀን በሩን እንዳላየች አልፋ ሕንፃውን ዞረችው። ሁለተኛ ልትዞር ስትል «እታለም፣ ሕንፃውን ለክተሽ እስክትጨርሺ እኔ ልግባልሽ?» አልኳት። «አፍህ ይቆረጥ» ብላኝ ገባች።

ቋንቋ ይቸግራታል ብለው በስልክ አስተርጓሚ አገናኟት። የአገራችን ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው የሚያሳርፍ። እኔ ውጭ ስጠብቅ ነበር፤ ማታ እራት ላይ ነው የነገረችኝ። «ልሞት መስሎኝ ነበር» ስትላቸው፣ እሳቸው ለሐኪሟ «ትንሽ ድካም ተሰምቷታል» ብለው ተረጎሙት። «ወንድሜ ሞቶ ሁለት ወር ደበቁኝ» ስትላቸው «ከቤተሰብ ጋር ትንሽ አለመግባባት አለ» አሉላት። ሐኪሟ ሞትን ተመኝታ ታውቅ እንደሆነ ስትጠይቅ ደግሞ ጭራሽ ጥያቄውን ዋጡት። «ልጄ፣ ይሄንንስ አልጠይቅሽም፣ ክፉ አይንካሽ። ደህና ናት ብያታለሁ» አሏት። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም፤ አንቺን ነው የመሰሉኝ። እኛ ቤት እስከ ዛሬ «ጋሽ ደህና ናት» እንላቸዋለን።

እህቴ ግን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ የለቃቀመቻት ቋንቋ በቂ ነበረች፤ ገባት። «ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ እኔ ያልኩትን ግን እንዳልኩት ይበሉልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ደንግጠው «ገመናሽን ለባዕድ?» አሏት። «ገመናዬን ልታይልኝ እኮ ነው የመጣሁት» አለች። እኔ ብሆን አላደርገውም እማዬ። ለትልቅ ሰው፣ ያውም ደግ ላሰበ ትልቅ ሰው፣ እንዲያ መልሼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ጊዜ አስተርጓሚ አልፈልግም ብላ ብቻዋን ገባች። በዚያች በተሰባበረች ቋንቋዋ! የምታውቃቸው ቃላት ማጠብ፣ መጭመቅ፣ መወጠር፣ ማጠፍ፣ እድፍ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ ብቻ ናቸው። በእነሱ ተናገረች። ስልክ ሲጮኽ ደረቷ መጭመቂያው ማሽን ውስጥ እንደሚገባ ነገረቻት። «አራቱም ጫፍ ተወጥሮ ማንም ወደ እኔ የማይራመድ አንሶላ ነኝ» አለቻት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና «አሁን ገባኝ» አለቻት። ይህን ስትነግረኝ እህቴ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ በዚህ አገር ቋንቋ ድርሰት ጽፌ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ሐኪሟ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብላ አትሸኛትም። ፍርሃቱ ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ አብረሽው ቁሚ ትላታለች። ስልክ ሲጮኽ ዘላ እንዳታነሳው፣ ጥላውም እንዳትሸሽ፣ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቅዝቃዜው እስኪሰማት እንድትጠብቅ፣ ትንፋሿን በቀስታ እንድታወጣ፣ ከዚያ እንድታነሳ አስተማረቻት። ልምምዱ ቤት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ደዋዩ እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋና እደውላለሁ። እሷ ክፍሉ ውስጥ እጇን አሳርፋ፣ ተንፍሳ ታነሳለች። የሐኪሟ ትእዛዝ እውነት ብቻ እንድነግራት ነው፤ ከትንሽ ጀምሬ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ከወጥ ቤት ነው። ሽንኩርት አልቋል።»

«እግዚአብሔር ያጥናን። ሌላስ?»

«የምትወጂውን ብርጭቆ ሰብሬያለሁ።»

«አንተ! የትኛውን?»

ሳቃችን ወለሉን አልፎ ምድር ቤት ያሉት እናት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ። ቀስ በቀስ ከፍ አደረግነው። ሒሳብ መውደቄን የነገርኳት በዚህ መንገድ ነው። ስትተነፍስ ይሰማኛል፣ ከዚያ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። አሁን ና ውጣ፣ ልግደልህ» አለች። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን አብራኝ ስትሠራ ከረመች፤ ከእኔ የባሰች ናት።

እኔንም አንድ ቀን ይዛኝ ገብታለች። ሐኪሟ ስለ ታላቄ ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኳት። እህቴ እንዴት እንደሳቀች! ሐኪሟም ሳቀች። እኔም ልስቅ ብዬ ሌላ ነገር ሆነ። ያኔ ነው አኩርፌው እንደነበር የተናገርኩት፤ ሰው ሞቶ ሳለ አኩርፌው። እህቴ ወንበሯን አስጠግታ ጉልበቷን ከጉልበቴ አገናኘች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እኔም እሄዳለሁ። ጸሎቷንም አልተወችም፤ እንዳታስቢ። አሁን እንዲያውም ስትጸልይ የታላቄን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ድሮ ስትደርስበት ትዘለው ነበር።

ሥራ ቦታም ስልኳ ይጮኻል፤ ጫፏን አትለቅም። «አንድ ጊዜ» ትላታለች ምሰሶን፤ አንሶላውን አጥፈው ይጨርሱና ታነሳለች። አዲስ የመጣች ልጅ ባለፈው እንፋሎቱ ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ስትርበተበት ፎጣ ክምሩ ላይ ያስቀመጠቻት እህቴ ናት። አለቃቸው አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ ከእሷ ጋር ነው የሚያጣምረው። እና ይቺን ነው «አትችልም» ያልሽኝ?

እንግዲህ የመጣሁበትን ልንገርሽ። አንቺ ከደወልሽልኝ ወዲህ ልምምዱ ከበደኝ። ሽንኩርት አለ፣ ብርጭቆ አልሰበርኩም፤ የምነግራት እውነት ያንቺው ብቻ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ገብቼ ደወልኩ። ጠበቀች፣ ተነፈሰች፣ አነሳች።

«ዛሬ ከፍ ያለውን ንገረኝ» አለችኝ።

 ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። በበሩ ሥር ጥላዋ ይታየኛል፤ ስልኩን ይዛ እስከ በሩ መጥታ ነበር። ልትከፍተው ትችል ነበር፤ አልከፈተችም።

«ያንተ አይደለም?» አለችኝ በስልኩ።

«አይደለም» አልኳት።

«እንግዲያው አትንገረኝ፤ ባለቤቱ ይንገረኝ» አለች። ቀጥላም «ሽንኩርት አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። እራቱን አብረን ሠራን፤ ሽንኩርቱን የከተፈችው እሷ ናት፤ ያለቀስነው ሁለታችንም።

እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ በታላቄ ስም እምልልሻለሁ። ግን እማዬ፣ በቪዲዮ ስልክ ፊትሽን እያየች ስታወራሽ ከርማለች። አንድ ቀን «እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው ስልክ በግራዋ የምትይዘው?» አለችኝ፤ ሒሳቤን አቀርቅሬ ሠራሁ። ለሚመጣው ወር አለቃዋን ፈቃድ ጠይቃለች። ከአልጋው ሥር ያለውን ትልቁን ሻንጣ አውጥታ አቧራውን ጠርጋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም ሐኪሟ ጋ ገብታ በምትወጣ ቁጥር ዓይኗ ቀልቶ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እሑድ ከሰዓት ቤት ናት፤ ደውይላት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውይ። ስልኩ ትንሽ ቢጮኽ አትዝጊው። አላነሳችም ብለሽ አትደንግጪ፤ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች ነው። ታነሳለች። ስታነሳ «ደህና ነኝ» አትበያት፤ «አሞኛል ልጄ» በያት። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ዝምታውን በወሬ አትሙዪው፣ እየተነፈሰች ነው። ከዚያ በኋላ የምትነግርሽን ስሚያት፤ እንዴት እንደሚፈራና እንዴት እንደሚታለፍ ከእኛ ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት። አንቺም ፈርተሻል፤ ድምፅሽ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ብቻሽን አትፍሪ።

እማዬ፣ ፈጣሪ እጅሽን ይመልስልሽ፤ የሚነኩሽን ሐኪሞች እጅ ይባርክልሽ። ለታላቄ ያነባሽውን እንባ በእኛ ሳቅ ይካስልሽ። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስትሸኚያት እንቢ እንድትልሽም ንገሪልኝ። አጎቴንም፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይቀመጥ በይልኝ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

የማይሸሽግሽ
ትንሹ ልጅሽ

ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ ነው ይህን የጨመርኩት። አሁን እህቴ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና «ምድር ቤት ላሉት እናት የምትሰጠው ነገር ካለ ይሄንንም ጨምርልኝ» አለችኝ። ደብዳቤ እንደምጽፍ አልነገርኳትም ነበር። ከፍቼ አየሁት። ሆቴሉ ለሠራተኞቹ ከሚሰጠው ያገለገለ አንሶላ የሰፋችልሽ የሌሊት ልብስ ነው፤ ብዙ ከመታጠቡ የተነሳ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ። እጅጌው ሰፊ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ታች ከፊት ይከፈታል፤ ቁልፎቹን የተከለችው ምሰሶ ናት። «እጅ ሳይነሳ የሚለበስ ነው በላት» አለችኝ። በር ላይ ደርሳ ደግሞ ዞረችና «ልክ ካልሆናት፣ ልክ አይደለም ትበለኝ» አለች።